ብዕሩ ቆሞ ወረቀቱ ሲሄድ

በየቤታችን ጥግ ይዘው የተቀመጡ የስፌት መኪኖች ቢቆጠሩ ስንት ይሆኑ ይሆን? አንዷ ከእናት የተወረሰች ናት። አንዷ ከዓረብ አገር በተላከ ገንዘብ የተገዛች ናት። ሌላዋ ደግሞ ‹‹በይ ሥራ ፍጠሪባት›› ተብሎ ከሥልጠና በኋላ ለባለቤቷ የተሰጠች ናት። ብዙዎቹ ዳንቴል ለብሰው፣ የአበባ ማስቀመጫ ወይም የቤተሰብ ፎቶ ተሸክመው፣ ከመኪናነት ወደ ጠረጴዛነት ከተዛወሩ ቆይተዋል። ከላያቸው ያለው ዕቃ የሚነሳው መስከረም ሲጠባ የልጆች ዩኒፎርም ለማሳጠር፣ አለያም የመጋረጃ ጫፍ ለማጠፍ ነው። ከዚያ ዳንቴሉ ተመልሶ ይለብሳል።

መኪናዋ የምትችለው ይህንኑ ብቻ ስለሚመስለን ነው፤ ቀጥ ብሎ መሄድ፣ ቀጥ ብሎ መመለስ። እንዲያ ግን አይደለም። አንዲት ነገር ዝቅ ካደረጉባት ይህችው የቤት መኪና አበባ ትስላለች፣ ሐረግ ትመዛለች፣ ስም ትጽፋለች። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት የለመደ እጅ ነው። የዛሬው ጨዋታችንም ስለዚህ እጅ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከመርፌው ሥር፣ ከብረት ሳህኑ መሐል ብቅ ጥልቅ የሚሉ የመጋዝ ጥርስ የመሰሉ ብረቶች አሉ። መርፌው ወጥቶ በገባ ቁጥር ጨርቁን ነክሰው አንድ እርምጃ ይወስዱታል። ከላይ ያለው እግር ደግሞ ጨርቁን ተጭኖ ይይዝላቸዋል። የስፌቱን ርዝመት የሚወስነው መኪናዋ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ሰፊው መስመር እንዳይስት ጨርቁን ይመራል እንጂ አይገፋም፣ አይጎትትም።

አሁን እነዚያን ጥርሶች ዝቅ አድርገው ያስተኟቸው። ጨርቁን የሚወስደው የለም። ወደ ፊት ቢሉት፣ ወደ ኋላ ቢሉት፣ ወደ ጎን ቢሉት፣ ቢያዞሩት ሁሉንም እሺ ይላል። መርፌው እዚያው በቆመበት ይወጣል ይወርዳል፤ የሚሄደው ጨርቁ ነው። ብዕር አንድ ቦታ ተተክሎ፣ ከሥሩ ወረቀቱን እያንቀሳቀሱ ስምን እንደ መጻፍ ማለት ነው።

አሜሪካኖች ይህን ‹‹ፍሪ ሞሽን ኩዊልቲንግ›› ይሉታል። ኩዊልት ሁለት ጨርቅ መሐል የጥጥ ንጣፍ ገብቶ፣ ሦስቱ ድርቦች እንዳይላቀቁ ገጻቸው በሙሉ የተሰፋ ብርድ ልብስ ነው። የላይኛው ጨርቅ ብዙ ጊዜ ከብጥስጣሽ ይገጣጠማል። በላዩ ላይ የሚሄደው ስፌት ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ጥጡ በእጥበት እንዳይሸሽና እንዳይጓጉል ይይዘዋል። ሁለተኛ፣ እግረ መንገዱን ጌጥ ይሆናል። ‹‹ፍሪ ሞሽን›› የሚባለው ያ ስፌት ጥርሶቹ ተኝተው በእጅ ብቻ ሲመራ ነው።

እኛ ዘንድስ?

ይህን ሲያነቡ ‹‹ይሄማ የጠላፊዎቹ ሥራ አይደለም እንዴ?›› ያሉ ካሉ ልክ ናቸው። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ሽሮ ሜዳ ላይ አረፍ ብሎ ለተመለከተ፣ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ በመኪና ሲጠለፍ ያያል። ሽመናው የዶርዜዎች ነው ብለን እናውቃለን። ጥለቱ እዚያው ሸማው ላይ ተሸምኖ ይወጣል። ጥልፉ ግን ሌላ ሙያ ነው። ጠላፊው ልብሱን በክብ መወጠሪያ ይወጥርና ከመርፌው ሥር ያስገባዋል። መኪናዋን በእግሩ እየረገጠ፣ በሁለት እጁ መወጠሪያውን እያሽከረከረ መስቀሉን፣ አበባውን፣ ሐረጉን ያወጣል። ጥርሶቹ ተኝተዋል፤ እግሩም ተነቅሏል። ከአሜሪካኖቹ የሚለየው በአንድ ድርብ ጨርቅ ላይ መሥራቱና መወጠሪያ መጠቀሙ ነው። የእጁ እንቅስቃሴ ያው አንድ ነው።

ሐረር የሄደም ቢሆን ይህን ሙያ በስሙ ያውቀዋል። በጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ‹‹መኪና ግርግር›› ይባላል። ስሙ የመጣው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የጁገል ከተማ አንዱን መንገዷን የምትጠራው በስፌት መኪና ግርግርታ ነው ማለት ነው።

መኪናዋን ለዚህ ሥራ ማዋል አዲስ ፈጠራም አይደለም። አይዛክ ሲንጀር የመኪናውን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኩባንያው ራሱ፣ በእግር በምትረገጥ ተራ የቤት መኪና ጥልፍና ዳንቴል እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ማለትም መኪናዋ ከመቶ ዓመት በፊት የምትችለውን ነው ዛሬ እኛ የረሳነው።

የድሪቶ ክብር

ብጣሽ ጨርቅ ገጣጥሞ መልበስ በአማርኛችን ስሙ ‹‹ድሪቶ›› ነው። ቃሉ ሲጠራ መጀመሪያ የሚታየን ድህነት ነው፤ ቀጥሎ ምናልባት የባሕታዊ ልብስ። ለእንግዳ የሚዘረጋ ነገር ሆኖ አይታየንም።

አሜሪካም ቢሆን ነገሩ ሁልጊዜ ክብር አልነበረውም። ሃሪየት ፓወርስ እ.ኤ.አ. በ1837 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት ቀንበር ሥር ተወለደች። ነፃ ከወጣች በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በጨርቅ ቁራጭ እየቀረጸች ኩዊልት ሠራች። ስፌቱ በእጅም በመኪናም ነው። ችግር ሲጠናባት በ5 ዶላር ሸጠችው። ያ ሥራዋ ዛሬ በዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም የሚጠበቅ ቅርስ ነው። ሌላው ሥራዋ ቦስተን ሙዚየም ውስጥ ነው።

በአላባማ ደግሞ ወንዝ የከበባት ‹‹ጂስ ቤንድ›› የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ የባሮች ዘሮች ናቸው። ሴቶቹ ካረጀ የሥራ ሱሪ፣ ከዱቄት ጆንያ ጨርቅ የልጆቻቸውን ብርድ ልብስ ይሠሩ ነበር፤ ቤቱ ብርድ ስለሚያስገባ እንጂ ለጌጥ ብለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 እነዚያ ብርድ ልብሶች በሂውስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ታተሙ።

ታዲያ በኩዊልት ሰፊዎቹ ዘንድ አንድ የቆየ ንትርክ ነበር። ‹‹በእጅ ካልተሰፋ ኩዊልት አይባልም፤ መኪና ማጭበርበር ነው›› የሚሉ ብዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 በኬንታኪዋ ፓዱካ ከተማ በተካሄደው ትልቅ የኩዊልት ውድድር ላይ፣ ኬሪል ብራየር ፋለርት የተባለች ሴት የፀሐይ ግርዶሽን በሚያሳይ ሥራዋ ዋናውን ሽልማት ወሰደች። በመኪና ተሰፍቶ ያን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ ‹‹መኪና የነካው›› የሚለው ንቀት እየቀዘቀዘ ሄደ። ሰው የገባው ነገር ቢኖር፣ ጥርሶቹ ሲተኙ መኪናዋ መርፌ ከመውጋት በቀር የምትሠራው እንደሌለ ነው። መንገዱን የሚያወጣው እጅ ነው።

ጋሼና ተማሪያቸው

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያነሳሱኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ስማችን ይቅር ስላሉኝ አንዱን ጋሼ፣ ሌላዋን ልጅቷ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጥልፍ የጠለፉ ሰው ናቸው። የሙሽራ ልብስ፣ የካባ ጥልፍ በእጃቸው አልፏል። አሁን ትዕዛዙ ቀንሷል። ባለብዙ መርፌው የኮምፒውተር ጥልፍ ማሽን አንዱን ንድፍ ሳይደክመው፣ ሳይሳሳት፣ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ይደግመዋል። ጋሼ ማሽኑን አይሰድቡትም። ‹‹እሱ ውኃ አይጠማው፣ ወገቡን አያመው፤ ምን ይደረግ!›› ይላሉ። አሁን ወደ እሳቸው የሚመጣው አብዛኛው ሥራ እድሳት ነው፤ የእናት ቀሚስ ለልጅ ሲሰፋ፣ ጥልፉ የተፈታ ልብስ ሲመለስ። ልጆቻቸው ሌላ ሥራ ይዘዋል፤ ሙያውን የወረሰ የለም። ዓይናቸውን ደግሞ ሞራ ጀምሮታል።

ልጅቷ ከቤሩት ተመላሽ ናት። ስትመለስ አንድ ድርጅት ለጥቂት ወራት ስፌት አሰልጥኖ መኪና ሰጣት። ችግሩ፣ በዚያው ሰፈር ያንኑ ሥልጠና ወስደው፣ ያችኑ መኪና ይዘው የተቀመጡ ሌሎችም መኖራቸው ነው። ሁሉም ሱሪ አሳጣሪ፣ ሁሉም ዚፕ ቀያሪ። ‹‹እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ለምን እኔ ጋ ይመጣል?›› ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው። ዳግመኛ ቤሩት እንዳትሄድ የሚያደርጋት መልስ እዚያ ጥያቄ ውስጥ ነው ያለው።

ጋሼ ጋ የሄደችው ለዚህ ነው። ገንዘብ አልጠየቋትም። ከጎረቤት ልብስ ሰፊዎች የሚጣለውን ብጣሽ ሰብስባ፣ ጥጡን ከሰው ሠራሹ ለይታ እንድታመጣ ብቻ ነው የነገሯት። የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ክር አሰፏት። ወረቀት ላይ በእርሳስ ጠመዝማዛ መስመር ይስሉላታል፤ እሷ መርፌውን በመስመሩ ላይ ታስኬዳለች። ክር የለም፣ የሚበላሽ የለም። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ቀዳዳ ብቻ ነው። ቀዳዳዎቹ ተራርቀው ተቀራርበው ሲያዩ ‹‹ቀስ በይ አይደለም የምልሽ፤ እኩል ሁኚ ነው›› ይሏታል።

አንድ ቀን ክሩ እየተበጠሰ አስቸገራት።

‹‹ጋሼ፣ ክሩ ለምንድን ነው የሚበጠስብኝ?››

‹‹መርፌውን መቼ ነው የቀየርሽው?››

‹‹ኧረ ከመኪናዋ ጋር የመጣው ነው!››

ጋሼ ሳቁ። ‹‹ታዲያ እሱ ጡረታ ይውጣ እንጂ!››

የእጅና የእግር ሒሳብ

‹‹እኩል ሁኚ›› የሚለው ነገር ሒሳብ አለው። ጥርሶቹ ከተኙ በኋላ የስፌቱን ርዝመት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መርፌው የሚወርድበት ፍጥነትና እጅ የሚሄድበት ፍጥነት። መርፌው በሰከንድ 10 ጊዜ ቢወርድና እጅ በሰከንድ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቢሄድ፣ እያንዳንዱ ስፌት 2.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ለኩዊልት ጥሩ ርዝመት ነው። መርፌው በዚያው ፍጥነት እያለ እጅ በእጥፍ ቢፈጥን ስፌቱ 5 ሚሊ ሜትር ይሆንና የላላ መስሎ ይታያል። እጅ ቆም ቢል ደግሞ ክሩ አንድ ቦታ ላይ ይቋጠራል። እግር ተረጋግቶ አንድ ዓይነት ምት ሲይዝ እጅ የሚያስበው ስለ ራሱ ብቻ ይሆናል። ጀማሪ የሚቸገረው ኩርባ ላይ ሲደርስ ደንግጦ እግሩንም እጁንም ስለሚለዋውጥ ነው።

በእግር የምትረገጥ መኪና ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት፤ ፍጥነቷ በሰው ልክ ነውና። የኤሌክትሪኳም ትሆናለች፤ መርገጫዋን በስሱ መጫን ይለመዳል። በእጅ የምትዞረው ግን አትሆንም። አንዱ እጅ መዘውሩን ይዞ ጨርቁ በአንድ እጅ አይመራም።

እንግዲህ መሞከር ለሚፈልግ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል።

በመጀመሪያ ጥርሶቹን ያስተኙ። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ለዚሁ የተሠራ ማዞሪያ ወይም መግፊያ አለ። ከሌለ ቀጭን ጠንካራ ካርቶን በመርፌው ልክ ቀድቶ ጥርሶቹ ላይ በፕላስተር መለጠፍ ይቻላል። የስፌት ርዝመቱን ቁጥር ወደ ዜሮ ይመልሱ።

ቀጥሎ እግሩን ይቀይሩ። ለሩፊና ለጥልፍ ተብሎ የሚሸጥ፣ ጫፉ እንደ ቀለበት ክብ የሆነ፣ ከመርፌው ጋር እየዘለለ የሚነሳ እግር አለ። ጋሼ ያለ እግር ይሠራሉ፤ ለጀማሪ ግን አይመከርም። ጣት ከመርፌ እንዲርቅ የሚያደርገው አንዱ እሱ ነው።

መርፌው አዲስ ይሁን። ለሦስት ድርብ ጨርቅ 14 ቁጥር ጥሩ ነው። ክሩ ጥራት ያለው ይሁን፤ ጸጉራም ርካሽ ክር እዚያም እዚያም ይበጠሳል። መኪናዋን ጥርሶቹ መሐል ከገባው ብናኝ በብሩሽ አጽድተው አንድ ሁለት ጠብታ የመኪና ዘይት ይስጧት።

ከዚያ ድርቡን ያዘጋጁ። ለልምምድ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከታች አቡጀዲ፣ ከመሐል ሙሌት፣ ከላይ ሌላ ጨርቅ። ልጅቷ ለሙሌት የተጠቀመችው የእናቷን ያለቀ ጋቢ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ሙሌት መግዛትም አያስፈልግ። የታችኛውን ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ወጥረው በፕላስተር ይያዙ፤ ሌላውን በላዩ ያንጥፉ፤ ከዚያ በመርፌ ቁልፍ አንድ ጭብጥ ያህል እያራራቁ ያያይዙ። የታችኛው ሳይወጠር ከተያያዘ ሲገለበጥ እጥፋትና ሽብሽቦ ይገኝበታል።

ስፌቱን ከመሐል ጀምረው ወደ ዳር ይሂዱ። ከዳር ከተጀመረ ጨርቁ ወደ መሐል ይገፋና ይቆለላል። መርፌውን አንዴ አውርደው አውጡና የታችኛውን ክር ወደ ላይ ሳቡት። ሁለቱንም ክሮች ይዘው ሦስት አራት ጥቃቅን ስፌት እዚያው ከሰፉ በኋላ ጉዞ ይጀምራሉ። ዓይን መርፌውን አይመልከት፤ መርፌው ያለበት ያለፈ ነገር ነው። የሚሄዱበትን አቅጣጫ ይመልከቱ፤ መኪና የሚነዳ ሰው ጎማውን ሳይሆን መንገዱን እንደሚያይ። እጅ ጨርቁ ላይ እንዳያዳልጥ ደግሞ የጎማ ጓንት ጣቶቹን ቆርጦ ማጥለቅ ይረዳል።

ሲበላሽስ? ብዙው ብልሽት ምክንያቱ የታወቀ ነው። ከታች በኩል ክር ተተብትቦ ከተገኘ፣ ብዙ ጊዜ የእግሩ ማውረጃ ሳይወርድ ቀርቶ ነው። የጥልፉ እግር ጨርቁን ስለማይጫን ወርዶ ሳይወርድ ይመስላል፤ ካልወረደ ግን የላይኛው ክር ውጥረት የለውም። ኩርባ ላይ ከሥር እንደ ሽፋሽፍት የተዘረጉ ክሮች ከታዩ፣ እጅ ኩርባው ላይ ፈጥኗል፤ ወይም የላይኛው ክር ላልቷል። የታችኛው ክር ነጠብጣብ ሆኖ ከላይ ከታየ በተቃራኒው የላይኛው ጠብቋልና ያላሉት። መርፌው ከተሰበረ ደግሞ መርፌው ጨርቅ ውስጥ እያለ ጨርቁ ተጎትቷል ማለት ነው። ስባሪው ሊፈናጠር ስለሚችል መነጽር ማድረግ ቅንጦት አይደለም።

ምን መሳል?

ፈረንጆቹ ተማሪዎች ስማቸውን በቅጥልጥል ጽሕፈት እየጻፉ ይለማመዳሉ። የኛ ፊደል ለዚህ አይመችም፤ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው የሚቆም ነው። ክሩ ደግሞ ከተነሳ መቆረጥ አለበት። ስለዚህ ለእኛ እጅ የሚቀርበው ከብራና መጻሕፍት ላይ የምናውቀው ሐረግ ነው። ሐረግ እንደ ስሙ የሚጠመዘዝ ተክል ነው፤ እየታጠፈ፣ እየዞረ፣ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ልጅቷ አሁን የምትለማመደው እሱን ነው። በየማታው 20 ደቂቃ ያህል መጀመሪያ ደብተር ላይ እርሳሱን ሳታነሳ ትስላለች፤ ከዚያ ጨርቁ ላይ ትሞክረዋለች። እጅ በወረቀት ያላወቀውን መንገድ በጨርቅ አያገኘውም።

ከሐረግ የሚቀለው ደግሞ ዝም ብሎ መቅበዝበዝ ነው። መስመሩ እንደ ወንዝ እየተጣመመ ቦታውን ይሞላል፤ አንዱ ሌላውን ሳያቋርጥ። ከሩቅ ሲታይ እኩል የተነቀሰ ይመስላል። ስህተት የሚሸሸግበትም እዚህ ነው። ሐረግ ላይ አንድ ቅጠል ከጠመመ ያስታውቃል፤ መቅበዝበዝ ላይ ግን ጠማማው ሁሉ የንድፉ አካል ነው።

እንጀራ ይሆናል ወይ?

ይህ ነው ዋናው ጥያቄ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ብርድ ልብስ ለመሸጥ መነሳት አያዋጣም። መስመሮቹን በአንድ ሳንቲ ሜትር ርቀት ብናስኬድ 400 ሜትር ስፌት ነው። በሰከንድ 2.5 ሳንቲ ሜትር ሒሳብ፣ መቁረጡ፣ መገጣጠሙ፣ ማረፉ ሳይቆጠር ስፌቱ ብቻ አራት ሰዓት ከግማሽ ገደማ ይወስዳል። ጀማሪ ደግሞ በዚህ ፍጥነት ያለማቋረጥ አይሰፋም። በዚያ ላይ የቤት መኪና አንገቷ ጠባብ ነው፤ ትልቅ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እዚያ ሲገባ ክብደቱ እጅን ይጎትታል፣ ስፌቱንም ያዛባል።

ትንሽ ሥራ ግን ሌላ ነው። 80 በ80 የሆነ የሕፃን ማቀፊያ በዚያው ሒሳብ 64 ሜትር ነው፤ 43 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ስፌት። ከላይም ከታችም ስለሆነ ክሩ ከ150 ሜትር አያንስም፤ ዋጋ ሲተመን ይህም ይታሰባል። የድስት መያዣ፣ የጀበና ማስቀመጫ፣ የትራስ ልብስ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ድስት መያዣ ሲሠራ ክሩም ጨርቁም ሙሌቱም ጥጥ ብቻ መሆን አለበት፤ ሰው ሠራሹ በትኩስ ድስት ይቀልጣል፣ እጅም ያቃጥላል። ጋሼ ብጣሹን ለይተሽ አምጪ ያሉት ለዚህ ነው።

ልጅቷ የመጀመሪያ ትዕዛዟን ያገኘችው ከጎረቤት ነው፤ ለክርስትና የሚሆን የሕፃን ማቀፊያ። ሴትየዋ ብጣሹ ውስጥ የአያትየውን ቀሚስ ቁራጭ እንድታስገባበት ጠየቀቻት። አስገባችበት። በዙሪያው ሐረግ፣ በመሐሉ መስቀል ሰፋችበት። መስቀሉን የሳሉት ጋሼ ናቸው።

ኮምፒውተሩ ይህን መሥራት አይችልም ማለቴ አይደለም። የተሳለ ነገር ከሰጡት ይጠልፋል። ግን ለአንድ ሕፃን፣ ለአንዲት አያት ቀሚስ ቁራጭ ብሎ ንድፍ አዘጋጅቶ፣ ክር ቀይሮ፣ ማሽን ማስነሳት ለባለማሽኑ አያዋጣም። የሱ ትርፍ ከብዛት ነው። አንድ ብቻ የሚፈለግ ነገር፣ ያረጀ ልብስ ላይ የሚሠራ ነገር፣ ሰው ቁጭ ብሎ ‹‹እዚህ ጋ እንዲህ አድርጊልኝ›› የሚለው ነገር ለእጅ የተረፈ ገበያ ነው። ጠባብ ገበያ ነው፤ ግን ሱሪ ከማሳጠር ይለያል። ‹‹ለምን እኔ ጋ ይመጣል?›› ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል።

የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ስፌት የሚያሠለጥኑ ብዙ ቦታዎች ቀጥ ያለ ስፌት ያስተምራሉ፤ ደግ ነው፣ ከዚያ ነው የሚጀመረው። ነገር ግን በየሰፈሩ እንደ ጋሼ ያሉ ጠላፊዎች አሉ። ትዕዛዝ ቀንሶባቸዋል፤ ስለዚህ ጊዜ አላቸው። እጃቸው ገና አልደከመም። አንዱን ጠርቶ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ጥርስ አስተኝቶ መስፋትን እንዲያስተምር ማድረግ አዲስ ማሽን አይጠይቅም፣ አዲስ ሕንፃም አይጠይቅም። ለአስተማሪው የደመወዝ ምንጭ ይሆናል፤ ለተማሪዎቹም ጎረቤታቸው የሌላት ሙያ። የዚህ እውቀት አብዛኛው በጽሑፍ የለም። ያለው ጣት ላይ ነው፤ ከጣት ወደ ጣት ካልተላለፈ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

ጋሼ በቅርቡ ለዓይናቸው ሕክምና ይገባሉ። ልጅቷ እስከዚያ ድረስ ሁለቱን የሚወዷቸውን የሐረግ ዓይነቶች ጨርቅ ላይ እንዲሰፉላት ጠይቃቸዋለች፤ አሮጌ ጋቢ ቁራጭ ላይ፣ በቀይ ክር። አንዱ አልቋል። ሁለተኛውን ጀምረዋል።

እርስዎም በሰፈርዎ የሚያውቁት ጠላፊ ካለ፣ በዚህ ሳምንት ብጣሽ ጨርቅ ይዘው ቢሄዱ አያፍሩም።